ጨረር የሚያሰፋ ዕቃ እንዴት ፊደል ያቀጥናል? (ገላን ላይ ግራ የገባው ሰው)

ባለማርኪንጉ · ገላን · ሰኞ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለ 20 ዋት ፋይበር ሌዘር ማሽን ይዤ እስክሪብቶ፣ ቁልፍ መያዣ፣ ፔርሙዝ፣ የሠራተኛ ባጅ ላይ ስም እጽፋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራው መጥፎ አይደለም። በምረቃ ሰሞን ደግሞ እስክሪብቶው ይጎርፋል።

ችግሬ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ፊደሉ ወፈረብኝ። ትንሽ ጽሑፍ ስሠራ የ«ሌ» ቀለበት ተደፍና ነጥብ ትሆናለች። «ሐ» እና «ሕ» አይለዩም። ቀለሙም ድሮ ድቅድቅ ጥቁር ነበር፣ አሁን አመድ መስሏል። ባለፈው አንዲት ደንበኛ 40 እስክሪብቶ መለሰችብኝ።

ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው (ስም አልጠራም) መጥቶ አየና «ጨረሩ ደክሟል፣ ቢም ኤክስፓንደር ያስፈልግሃል። ጨረሩን 3 እጥፍ ያሰፋዋል፣ ሲሰፋ ፊደሉ ይቀጥናል፣ ኃይልም ይጨምራል» አለኝ። እኔም 5 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ወፈረብኝ እያልኩ ጨረር የሚያሰፋ ዕቃ ግዛ ይለኛል? ለወፍራም ሰው ጮማ እንደማዘዝ አይደለም? የገባው ካለ ያስረዳኝ።


ዝም ብሎ አንባቢ · ኮየ ፈጬ · ሰኞ ማታ 3:52

ቀብድ ከሰጠህ በኋላ ነው እንዴ የምትጠይቀው? 😂 ወንድሜ፣ መጀመሪያ እዚህ፣ ከዚያ ቀብድ።


ባለ ሲኦቱ · ቡራዩ · ሰኞ ማታ 4:10

እኔም ሲኦቱ ማሽን (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ ሌዘር) አለኝ፣ እንጨትና አክሪሊክ እቆርጣለሁ። ስለ ኤክስፓንደር ሰምቼ አውቃለሁ ግን ገብቶኝ አያውቅም። ከገዛኸው በኋላ ካልፈለግከው ለኔ አድርገው፣ እንስማማለን።


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ባለማርኪንጉ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሰውዬው ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ እውነት ነው፣ አንዱ ውሸት ነው፣ አንዱ ደግሞ ላንተ አይሆንም። አንድ በአንድ እንሂድ።

መጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው? ሁለት ሌንስ ነው፣ በቃ። ቱቦ ውስጥ ሁለት ሌንስ አስቀምጥ። ቀጭን ጨረር ባንዱ በኩል ይገባል፣ ሰፊ ጨረር በሌላው ይወጣል። ሲገባም ቀጥ ያለ ነው፣ ሲወጣም ቀጥ ያለ ነው። ቴሌስኮፕ ገልብጠህ ብትይዝ ያው ኤክስፓንደር ነው። ጋሊሊዮ ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ ያነሳው በ1609 እ.ኤ.አ. ነው። ኬፕለር ባለ ሁለት ሰብሳቢ ሌንሱን የጻፈው በ1611 ነው። የመጀመሪያው ሌዘር ደግሞ በ1960 መጣ። ዕቃው ሌዘሩን 350 ዓመት ቁጭ ብሎ ጠብቆታል ማለት ነው።

እስከ ዛሬም ሁለቱ ዓይነት በነሱ ስም ይጠራሉ። የኬፕለሩ ሁለት ሰብሳቢ ሌንስ አለው። የጋሊሊዮው መጀመሪያ በታኝ፣ ቀጥሎ ሰብሳቢ። ስፋቱ በስንት እጥፍ ያድጋል ካልክ፣ የሁለተኛውን ሌንስ የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ብርሃኑ ወደ ነጥብ እስከሚሰበሰብበት ያለውን ርቀት) በመጀመሪያው ታካፍላለህ። 150 ሚሊ ሜትር ለ50፣ 3 እጥፍ። በኬፕለሩ ሌንሶቹ 200 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በጋሊሊዮው 100 ይበቃል። አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚመረጠው። በኬፕለሩ ቱቦ መሃል ጨረሩ አንዴ ወደ ነጥብ ይሰበሰባል። በኃይለኛ ሌዘር እዚያ ነጥብ ላይ አቧራ ከገባ ይነድዳል፣ በጣም ኃይለኛ ከሆነ አየሩ ራሱ ብልጭ ይላል። የጋሊሊዮው መሃል ላይ አይሰበሰብም። ስለዚህ የመቁረጫና የማርኪንግ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የምታየው እሱን ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ያ መሃል ላይ ያለ ነጥብ ይፈለጋል። ነጥቡ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ይደረግና የተበጠበጠው ጨረር ተጣርቶ ይወጣል። ሆሎግራም የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጠቀሙበታል።

አሁን ወደ ጮማው። ብርሃን ማዕበል ነው። ማዕበል በጠባብ በር ሲያልፍ ይበተናል፣ በሰፊ በር ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሌዘርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ቀጭን አድርገህ ከጀመርከው ቶሎ ይሰፋል፣ ሰፊ አድርገህ ከጀመርከው ረጅም መንገድ ሳይሰፋ ይሄዳል። ኤክስፓንደር ስፋቱን 3 እጥፍ ሲያደርገው መበተኑን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ስፋቱና መበተኑ ሲባዙ ውጤቱ ሁልጊዜ ያው ነው።

ሌንስ ላይ ደግሞ ይኸው ነገር በተቃራኒው ይሠራል። ሰፊ ጨረር ሌንሱ ላይ ሲያርፍ ወደ ነጥቡ የሚወርደው በሰፊ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው ሰፊ በሆነ ቁጥር ጫፉ ስል ይሆናል። ቀጭን ጨረር ብታስገባ ሾጣጣው ቀጭንና ረጅም ይሆናል፣ ጫፉም ዱልዱም። ስለዚህ «ሲሰፋ ይቀጥናል» ያለህ ትክክል ነው።

«ኃይል ይጨምራል» ያለህ ግን ውሸት ነው። ብርጭቆ ኃይል አይፈጥርም። እንዲያውም ሽፋን ያልተቀባ ብርጭቆ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 4 ከመቶ ገደማ ያንጸባርቃል። ሁለት ሌንስ አራት ገጽ አለው። ቁጠረው፣ ወደ 15 ከመቶ ይሄዳል። ጥሩ ሽፋን ያለው ይህን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምርልህም። ነጥቧ ስትጠብ ያው ኃይል በትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ከሦስት ወር በፊት ምን ቀየርክ?


ባለማርኪንጉ · ገላን · ማክሰኞ ጠዋት 3:05

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሕይወቴ ፊዚክስ እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም። እርስዎ አስተምረውኝ ቢሆን ኖሮ ገላን ሳይሆን ሌላ ቦታ ነበርኩ።

ምንም አልቀየርኩም። ማሽኑ ያው ነው። ሌንሱን ብቻ ነው ትልቅ ያደረግሁት። ድሮ ባለ 110 በ110 (የሚጽፍበት ቦታ በሚሊ ሜትር) ነበር፣ አሁን ባለ 300 በ300 አስገጥሜያለሁ። እስክሪብቶውን ደርድሬ በአንድ ጊዜ ብዙ ለመጻፍ ብዬ። በጣም ያፈጥናል።


ቀያሿ · ለገጣፎ · ማክሰኞ ጠዋት 3:11

«ምንም አልቀየርኩም፣ ሌንሱን ብቻ» 😂😂 መኪናዬ ምንም አልሆነም፣ ሞተሩ ብቻ ነው የወደቀው።


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ማክሰኞ ከሰዓት 8:30

ተገኘች! ገምቼ ነበር።

ባለ 110 ሌንስ የትኩረት ርቀቱ ብዙ ጊዜ 160 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 300ው ደግሞ 420 ገደማ። ጎኑ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ያንተ ዓይነት ማሽን የሚያወጣው ጨረር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል። የጨረሩ ጥራት መካከለኛ፣ 1.5 ነው እንበል (ፍጹሙ 1 ነው)። የሞገዱ ርዝመት 1.064 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ስታሰላው በ160ው ሌንስ ነጥቧ ወደ 46 ማይክሮን ትመጣለች። በ420ው ወደ 122። የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነው። ከፀጉር በቀጠነ እስክሪብቶ ትጽፍ የነበርከው ሰውዬ አሁን በሁለት ፀጉር ውፍረት ነው የምትጽፈው። የ«ሌ» ቀለበት ብትደፈን ምን ይገርማል?

አመድ የመሰለውም ከዚሁ ነው። ነጥቧ 2.6 እጥፍ ስትሰፋ የሸፈነችው ቦታ 7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያው 20 ዋት 7 እጥፍ በሆነ ቦታ ላይ ተሰጣ። ጨረሩ አልደከመም፣ ተበተነ እንጂ።

አሁን ሦስተኛው። «3 እጥፍ የሚያሰፋ ግዛ።» 7 ሚሊ ሜትርን በ3 ስታባዛ 21 ነው። ጨረሩ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ተወዛዋዥ መስታወቶች ያልፋል፣ ጋልቮ በምትሏቸው። እነሱን የያዘው ጭንቅላት ላይ የበሩ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ይላል?


ባለማርኪንጉ · ገላን · ማክሰኞ ከሰዓት 9:02

10 ይላል። ወይ ጉድ።


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ማክሰኞ ከሰዓት 9:20

ወይ ጉድ ነው እንግዲህ። 21 ሚሊ ሜትር ጨረር በ10 ሚሊ ሜትር በር አይገባም። ከኃይሉ ሲሶ ትንሽ የሚበልጠው ብቻ ያልፋል። ሌላው የጭንቅላቱን ውስጥ ሲያሞቅና ሲያቃጥል ይውላል።

በትክክል 10 ሚሊ ሜትር ላይ እንኳ አትጠጋ። የጨረሩ ስፋት የሚባለው ጠርዙ ተቆርጦ ያለቀበት አይደለም፣ ዳር ላይም ብርሃን አለ። 10 ሚሊ ሜትር ጨረር በ10 ሚሊ ሜትር በር ሲያልፍ 13 ከመቶ ገደማ ውጭ ይቀራል። አሁን ባለህ 7 ሚሊ ሜትር ግን 98 ከመቶው ያልፋል። ማሽኑን የሠራው ሰው ሞኝ አይደለም። ፋይበሩ ጫፍ ላይ ጨረሩን አስፍቶ ቀጥ የሚያደርግ ሌንስ ቀድሞውኑ አስገብቶልሃል።

ኤክስፓንደር አትግዛ። የድሮውን ሌንስህን መልስ።


ባለማርኪንጉ · ገላን · ማክሰኞ ማታ 1:48

የድሮው ሌንስ ልጄ መጫወቻ አድርጎት ነበር። ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ጭረት የለበትም፣ ተመስገን።


ባለ ሲኦቱ · ቡራዩ · ማክሰኞ ማታ 2:15

እንግዲያው ያንን ኤክስፓንደር ለኔ ይግዛልኝና ቀብዱን እኔ እመልስለታለሁ። የኔ ማሽን ጋልቮ የለውም፣ መስታወቶቹ ትልልቅ ናቸው። እኔም አክሪሊክ ላይ ቀጭን መስመር እፈልጋለሁ።


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ማክሰኞ ማታ 2:31

ቆይ ቆይ ቆይ! እንዳታደርገው።

ያንተ ሲኦቱ ሌዘር የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮን ነው። ከባለማርኪንጉ ፋይበር ሌዘር በ10 እጥፍ ይረዝማል። ለዚህ ሞገድ ተራ ብርጭቆ እንደ ግድግዳ ነው። አያሳልፈውም፣ ይመጠውና ይሞቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ያንተ ሌንስ ለምን ቢጫ ሆነ? ዚንክ ሰሊናይድ ስለሆነ ነው። ለአንተ ማሽን የሚሆን ኤክስፓንደር አለ፣ ግን እሱም ከዚያው ዓይነት ነገር የተሠራ መሆን አለበት። ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው እጥፉን አይደለም፣ ሞገዱን ነው።

ያ ቢጫ ሌንስ ከተሰበረም በባዶ እጅ አትልቀመው፣ ብናኙን አትተንፍሰው። መርዝ አለው።


ባለ ሲኦቱ · ቡራዩ · ማክሰኞ ማታ 2:40

ባለፈው ዓመት አንዱን ሰብሬ በመጥረጊያ ጠርጌዋለሁ 😳 በሕይወት አለሁ። ከእንግዲህ አልደግመውም።


ቀያሿ · ለገጣፎ · ረቡዕ ጠዋት 2:20

ስለ ርቀት የተባለው ነገር ለኔ ሥራ በጣም ገባኝ። ለገጣፎ በኩል መንገድና መሬት እንቀይሳለን። ቶታል ስቴሽናችን (የቅየሳ መሣሪያችን) ርቀት የሚለካው በብርሃን ነው። ጨረሩ የሚወጣው ደግሞ ማያ ቱቦው ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ሌንስ በኩል ነው። ተማሪ እያለሁ «ለማየት ነው ሰፊ የሆነው» ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ጨረሩም በሰፊው እንዲወጣ ነው።

አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ ያለ ልጅ ርካሽ የኪስ ሌዘር ይዞ መጣ። «እትዬ፣ በዚህ መስመር እንያዝ» አለኝ። ማታ ላይ 500 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ላይ አበራው። ነጥቡ የእንጀራ ምጣድ አክሎ ቁጭ። የቱን መሃል ልያዝ?


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ረቡዕ ጠዋት 3:00

እህቴ፣ ምጣዱ ልክ ነው። የኪስ ሌዘር በየ1 ሜትሩ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል እንበል። 500 ሜትር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር። 10 እጥፍ የሚያሰፋ ኤክስፓንደር ፊቱ ብታደርጊ ሲነሳ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ 500 ሜትር ላይ ግን 7። ከምጣድ ወደ ብርቱካን።

ይህ ነገር ጨረቃ ድረስ ይሄዳል። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አንጸባራቂ ጥሎ ተመለሰ። ዛሬም ከምድር ሌዘር ይላክለታል፣ 2.5 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይመለሳል። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለዚህ ሥራ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ እንደ ኤክስፓንደር ይጠቀማሉ። ያን ያህል ሰፍቶ የተነሳ ጨረር እንኳ በአየሩ መናወጥ ምክንያት ጨረቃ ላይ ሲደርስ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በዚህ ልኬት ነው ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር እየራቀችን መሆኑ የታወቀው።


የሱሉልታው ተማሪ · ሱሉልታ · ረቡዕ ከሰዓት 10:45

መምህር ሰላም ነው? እኔ አረንጓዴ ሌዘር አለኝ። የወንድሜ ባይኖኩላርም አለ። ገልብጬ ላብራበት? እንጦጦ ወጥቼ ቦሌ ድረስ ይደርስ እንደሆነ መሞከር ፈልጌ ነበር። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችስ እንደዚህ ያደርጋሉ?


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ረቡዕ ከሰዓት 11:10

ልጄ፣ በመጠየቅህ እግዜር ይባርክህ። አሁን በደንብ ስማኝ።

የእንጦጦዎቹ ሥራ ኮከብ ማየት ነው። አንተ ደግሞ ወደ ቦሌ አቅጣጫ ሌዘር አታበራም። እዚያ አውሮፕላን ይወርዳል፣ ይነሳል። የአብራሪ ዓይን ላይ ብልጭ ካለ ለአፍታም ቢሆን ማየት ይሳነዋል። ኤክስፓንደር ሲጨመርበት የባሰ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ኤክስፓንደር የሌለው ጨረር 12 ሜትር ተበትኖ ይደርሳል። 10 እጥፍ የሰፋው 1.2 ሜትር ሆኖ ይደርሳል። ያ ማለት እዚያ የሚያርፈው ብርሃን 100 እጥፍ በረታ ማለት ነው። ወደ ሰማይ፣ ወደ መንገድ፣ ወደ ሰው፣ በፍጹም።

ሙከራውን ግን እቤት ሥራው። ደካማ ቀይ ሌዘር፣ 1 ሚሊ ዋት የሚለውን ፈልግ። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ከተጻፈበት በላይ ሊያወጣ ይችላል፣ የማይታይ ጨረርም ሊያፈስ ይችላል። ባይኖኩላሩን ጠረጴዛ ላይ እሰረው። ሌዘሩን ዓይን በሚደረግበት በኩል አስገባ፣ በትልቁ ሌንስ በኩል ይወጣል። ግቢያችሁ ጥግ ያለ ሻካራ ግድግዳ ላይ አሳርፈው። የማስተካከያውን ጎማ ቀስ ብለህ ስታዞር ነጥቡ ሲጠብና ሲሰፋ ታያለህ። የሁለቱ ሌንሶች መራራቅ ምን ያህል እንደሚወስን ያኔ ይገባሃል። ማንም ሰው በባይኖኩላሩ በኩል አይይ። መስታወትና ቆርቆሮ ፊት ለፊት አይኑር።


ባለማርኪንጉ · ገላን · ረቡዕ ማታ 1:30

ለልጁ አንድ ነገር ልጨምር። የኔ ማሽን ላይ ያቺ ቀይ መብራት ምልክት ማሳያ ብቻ ናት። የሚሠራው ጨረር አይታይም። አይታይም ማለት ዓይን አይጨፍንም ማለት ነው። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ሕመም አይሰማውም። እኔም አንድ ዓመት ያለ መነጽር ነው የሠራሁት፣ ያሳፍራል። አሁን 1064 (የጨረሩ የሞገድ ርዝመት በናኖ ሜትር) የተጻፈበት መነጽር አለኝ።


ባለማርኪንጉ · ገላን · ሐሙስ ማታ 2:05

ወሬ ይዤ መጣሁ።

ሌንሱን መለስኩ፣ ጠረጴዛውንም ወደ ሌንሱ አስጠጋሁ። የመጀመሪያዋ እስክሪብቶ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ያዘዝኩት ስም 1.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ። ጉንዳን የጻፈችው ይመስላል። ደንግጬ ማሽኑን አጠፋሁ። ለካ ሶፍትዌሩ ላይ አሁንም 300 ብሎ ነው ያለው። ወደ 110 መለስኩ፣ የካሬ ማስተካከያውንም (ካሬ ስጽፍ ካሬ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን) ደገምኩ።

መምህር፣ የ«ሌ» ቀለበት ተከፈተች! ጥቁሩ ያው እንደ ድሮ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ «ይሄ ነው ያስጮኸህ?» አለችኝ።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ፔርሙዝ ላይ ሰፊ ጽሑፍ ስሠራ መሃሉ ጥርት ይላል፣ ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል። በትልቁ ሌንስ እንዲህ አያደርግም ነበር።


ጡረተኛው መምህር · ሰበታ · ሐሙስ ማታ 2:40

የስል ጫፍ ዋጋ ነው። ሰፊው ሾጣጣ ጫፉ ስል ነው፣ ግን ከጫፉ ትንሽ ፈቀቅ ስትል ወዲያው ይሰፋል። በ160ው ሌንስ ጥርት የሚለው ከነጥቡ በላይና በታች 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ420ው 7 ገደማ። ፔርሙዙ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለውና ጽሑፉ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ዳሩ ከመሃሉ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ለትንሹ ሌንስ ገደል ነው፣ ለትልቁ ምንም አይደል። ኤክስፓንደር ገዝተህ ቢሳካልህ ኖሮም ይኸው ይገጥምህ ነበር። ነጥቧን ግማሽ ስታደርጋት ይህ ጥርት ያለ ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሁለቱንም ሌንስ ያዝ። እስክሪብቶና ባጅ በትንሹ፣ ፔርሙዝ በትልቁ፣ ፊደሉንም ጎላ አድርገህ። ወይም የሚሽከረከር መያዣ ግዛና ፔርሙዙን እያዞርክ ጻፍ።


ቀያሿ · ለገጣፎ · ሐሙስ ማታ 3:00

ቀብዱስ?


ባለማርኪንጉ · ገላን · ሐሙስ ማታ 3:12

ዛሬ ሄጄ ነበር። መምህር የጻፉትን ከስልኬ አነበብኩለት። 21 ሚሊ ሜትር በ10 ሚሊ ሜትር የምትለዋ ጋ ስደርስ ዝም አለ። ከዚያ «ገንዘቡ ዕቃ ላይ ውሏል» አለኝ። ግማሹን መለሰ፣ በግማሹ ደግሞ የሚሽከረከር መያዣ ሲመጣ ቀንሼ እሰጥሃለሁ ብሏል። ሌንስ መጥረጊያ ወረቀትም አንድ ፓኮ ጨመረልኝ።


ዝም ብሎ አንባቢ · ኮየ ፈጬ · ሐሙስ ማታ 3:15

አሁን ደግሞ ለመያዣው ቀብድ ሰጠህ ማለት ነው 😂